ማን አመጣባት? ምን አመጣባት?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። በዚህ እትም ልናነሣ የፈለግነው ነገርም የተነሣው ከውሃ ዳር ነው።

በቅርቡ አንድ ማለዳ በቦኖው ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለን ከአሥራ ሦስት ዓመት የማትበልጥ አንዲት ልጅ ወደቀች። ጀሪካኗ ከእጇ አምልጦ ተንከባለለ። ሰውነቷ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ከዚያም ተንዘፈዘፈ፤ አረፋ ደፈቀች፤ ቀሚሷ ተገልቦ ረጠበ። ሰልፉ ባንድ አፍታ ተበተነ። ይህን የምንጽፈው እኛም ከተበተኑት መካከል ነበርን፤ ይህን ደብቀን ስለ ደግነት ብንጽፍ የያዝነው ወረቀት ይታዘበናል። አንዱ «አትንኳት፣ ይጋባል!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ። ሦስተኛው በጥርሶቿ መካከል ማንኪያ ለመክተት ታገለ። የቀረነው እጃችንን አጣጥፈን አየን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መንዘፍዘፉ በራሱ ጊዜ ተወት አደረጋት። እናቷ እየሮጠች ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ልጇን ማንሣት አልነበረም፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ የልጇን ገላ መሸፈን ነበር።

ጉዳዩ በዚያ ቢያበቃ ባልጻፍን። ያን ዕለት ማታ በየድንኳኑ በር የተነሣው ጥያቄ «ልጅቱ እንዴት ዋለች?» የሚል አልነበረም፤ «ማን አመጣባት?» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ መልስ አጥቶ አያድርም። በማግስቱ መልሱ ተገኘ። ዘመድ የሌላቸው፣ ከድንኳናቸው ብዙም የማይወጡ አንዲት አሮጊት ባለፈው ሳምንት ለልጅቱ ቆሎ ሰጥተዋት ነበር። «ዓይናቸው ደግ አይደለም» ተባለ። በሦስተኛው ቀን የአሮጊቷ ጀሪካን ከሰልፉ ተገፍቶ ወጣ። የልጅቱ እናት በበኩሏ «እኔ ምን በድዬ ይሆን?» እያለች እንቅልፍ አጣች። እንግዲህ ቁጠሩ፤ በቦኖው አጠገብ የወደቀችው አንዲት ልጅ ናት፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ሦስት ሰው ወድቋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የተባለው በእኛው ሰፈር ተፈጸመ።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው። የሰው መከራ ከምን እንደ መጣ ስንጠይቅ በእርግጥ የምንፈልገው ምንድን ነው? ዕውቀት ነው ወይስ የሚወቀስ ሰው?

ማን እና ምን በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ቃላት ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው። የሚጥል በሽታን በሚመለከት ቋንቋችን ራሱ ወደ ማን ያዘነብላል። ጣላት እንላለን፤ ለከፋት፣ ያዛት፣ ሰፈረባት እንላለን። ግሡ ሁሉ አድራጊ የሚጠራ ነው። ጣላት ካልን የጣላት መኖር አለበት፤ ለከፋት ካልን ለካፊ መኖር አለበት። እንዲህ እያልን ሳናውቀው ከበሽተኛዋ ዓይናችንን አንሥተን በአካባቢዋ የቆሙትን ሰዎች ፊት መመርመር እንጀምራለን። ማን የሚለው ጥያቄ ፊት ይፈልጋል፤ ፊት ሲያገኝም ያርፋል። ምን የሚለው ግን ፈጥኖ አያርፍም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዳንዴም ገና አልታወቀም የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ልብ ሲጨነቅ ማን የሚቀልለው ለዚህ ነው።

ይህ የእኛ ሕዝብ ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን። የሰው ልጅ በሙሉ ያለፈበት መንገድ ነው። የጥንት ግሪኮች ይህን ሕመም የተቀደሰው በሽታ ይሉት ነበር፤ አማልክት የሚያወርዱት መስሏቸው። ከ2400 ዓመት ገደማ በፊት በሐኪሙ በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት መጻሕፍት አንዱ ይህን ተቃወመ። የመጽሐፉ ጸሐፊ እንዳስረዳው ይህ በሽታ ከሌሎች በሽታዎች የበለጠ መለኮታዊ አይደለም፤ መነሻውም አንጎል ነው። የተቀደሰ ያሉት ሰዎች የሚረዱበት መድኃኒት ሲያጡ አለማወቃቸውን በአማልክት ስም ሸፈኑ ሲልም ወቀሰ። ለማስረጃ የጠራው ፍየልን ነው፤ ፍየልም በዚህ ሕመም ይያዛልና ጭንቅላቱን ከፍታችሁ አንጎሉን ተመልከቱ አለ። በዝርዝሩ ግን ተሳስቷል፤ በሽታውን የሚያመጣው አክታ መሰል ፈሳሽ የአየሩን መንገድ ሲዘጋ ነው ብሎ ያምን ነበር። ነገሩን የምናነሣው ለዚህ ነው። መልሱ ስሕተት ሆኖ ጥያቄው ግን ትክክል ነበር። ፊቱን ከማን ወደ ምን አዞረ፤ በዚያ መንገድ የሄዱ ሌሎች ደግሞ መልሱን አረሙት።

ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1873 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን የሚጥል በሽታ ከአንጎል ግራጫ ክፍል ድንገትና ከመጠን በላይ የሚለቀቅ ኃይል ነው ሲል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ጀርመናዊው ሐንስ በርገር ከራስ ቅል በላይ ሆኖ የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ሥራውን አሳተመ። በዚህ መሣሪያ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። በአንጎላችን ያሉ የነርቭ ሕዋሳት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ይነጋገራሉ። ደኅና ሲሆኑ እንደ ገበያ ሰው እያንዳንዱ በየጉዳዩ ያወራል። በሽታው ሲነሣ ግን ብዙዎቹ ባንድ ጊዜ፣ በአንድ ድምፅ፣ ያለ ማቋረጥ ይጮኻሉ። ጩኸቱ እጅና እግርን በሚያዝዘው ክፍል ሲሆን ሰውነት ይንዘፈዘፋል፤ በሌላ ክፍል ሲሆን ሰውየው ሳይወድቅ ዓይኑ ፈዝዞ ለጥቂት ሰኮንድ ይጠፋል። ትምህርት ቤት ውስጥ «ልቡ እዚህ የለም» እየተባሉ ከሚገረፉት ልጆች አንዳንዶቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

ታዲያ ሕዋሳቱን ምን ያስጮኻቸዋል? ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ተከላካይ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው አመዳደብ መንስኤዎቹን በስድስት ይከፍላል። አንደኛው በአንጎል አካል ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ ምጥ ረዝሞ ሕፃኑ ሲታፈን፣ ራስ ሲመታ፣ በአንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ ወይም እጢ ሲበቅል። ሁለተኛው ከዘር የሚወረስ ወይም በፅንስ ጊዜ በራሱ የሚፈጠር ለውጥ ነው። ሦስተኛው የተዋሲያን ጉዳት ነው፤ ማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ የአሳማ ኮሶ ትል ዕጭ በአንጎል ውስጥ መቀመጡ። ይህ የመጨረሻው የአሳማ ሥጋ ቀምሶ የማያውቀውንም ሰው ይይዛል፤ የትሉ እንቁላል በሰው ዓይነ ምድር ወጥቶ በውሃና ባልታጠበ እጅ ስለሚተላለፍ። አራተኛው በሰውነት ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች መዛባት፣ አምስተኛው ሰውነትን ሊጠብቅ የተፈጠረው የመከላከያ ኃይል በአንጎል ላይ መነሣቱ ነው።

ስድስተኛውን ክፍል ቆም ብለን ልንመለከተው ይገባል። ስሙ ያልታወቀ ነው። ይህ የዝርዝሩ ጥራጊ አይደለም፤ በዓለም ላይ ካሉት ሕሙማን የግማሹ ያህል መንስኤ የሚገኘው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ትልልቅ ሆስፒታልና ውድ መሣሪያ ያላቸው ምሁራን አናውቅም ብለው ሲጽፉ፣ እኛ በአንድ ሌሊት ጭውውት መንስኤውን ከነስሟና ከነድንኳኗ ማግኘታችን ሊያሳፍረን ይገባል። አለማወቅ ነውር አይደለም። አለማወቅን በሰው ስም መሸፈን ነው ነውሩ።

በመንስኤና በቀስቃሽ መካከል ያለውንም ልዩነት ማወቅ ይበጃል። በሽታው ያለበትን ሰው እንቅልፍ ማጣት፣ አረቄ፣ ትኩሳት ወይም ክኒን መዝለል ሊቀሰቅስበት ይችላል። የወደቀበት ቀን ከማን ጋር እንደ ዋለ፣ ምን እንደ በላ ስንቆጥር ቀስቃሹን እንኳ ሳይሆን በአጋጣሚ በአጠገቡ የቆመውን ነው የምንይዘው። አሮጊቷ ቆሎ ሰጡ፤ ልጅቱ ከቀናት በኋላ ወደቀች። በዚያው ሳምንት ቆሎ የሰጧቸው ሌሎች አራት ልጆች ደኅና መሆናቸውን ግን ማንም አልቆጠረም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «እንግዲያው ሳይንስን ተከትለን ማንን በምን ከተካን ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል ማለታችሁ ነው?» ሊለን ይችላል። አይደለም። ምን የሚለውም ልብ ካልቀና ተመልሶ ማን ይሆናል። በጋብቻ ጊዜ ሰባት ቤት ድረስ ሲቆጠር «በዘራቸው አለባቸው» የሚባለውን ቃል እናውቃለን። ከውርስ ጋር የተያያዙ ዓይነቶች እንዳሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ሕመሙ ካለባቸው ወላጆች የሚወለዱት አብዛኞቹ ልጆች ደኅና ናቸው። ግማሹን እውነት ይዘው ሰው የሰበሩ ደግሞ ያልተማሩ ብቻ አይደሉም። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣ ሕግ በዘር የሚወረስ የሚጥል በሽታ አለባቸው የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ በግድ ይመከኑ ነበር። በእንግሊዝ አገር በዚህ ሕመም ምክንያት ጋብቻን ማፍረስ የሚፈቅደው ሕግ የተሻሻለው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በአሜሪካ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሕሙማኑን ከምግብ ቤትና ከቲያትር ቤት መመለስ በሕግ የተፈቀደ ነበር። እነዚህ አገሮች ስለ ቡዳ አላወሩም፤ በሳይንስ ቃል ተናገሩ። ልጅቱን ከሰልፉ የሚያስወጣ ሰው ቃሉ የደብተራም ይሁን የፕሮፌሰር፣ ለልጅቱ ያው ነው።

በዚያው በጀርመን አገር የኖረ አልፍሬድ ሐውፕትማን የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። መኖሪያው ከሕሙማኑ ክፍል በላይ ስለ ነበረ ሌሊት ሲወድቁ እየሰማ እንቅልፍ አጣ፤ ስለዚህ ሉሚናል የተባለ አዲስ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጣቸው ተብሎ ይነገራል። ሕሙማኑ ግን እንቅልፍ ብቻ አላገኙም፤ የሚወድቁበት ጊዜ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1912 ይህን ጽፎ አሳተመ። ያ መድኃኒት ዛሬ ፌኖባርቢታል የምንለው፣ በድሃ አገሮች ክሊኒኮች ከማንኛውም በርካሽ የሚገኘው ክኒን ነው። ሐውፕትማን ግን አይሁዳዊ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1935 ከዩኒቨርሲቲ ወንበሩ ተባረረ፤ በኋላም አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ አረፈ። የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን መውደቅ የገታ ሰው መጨረሻው ስደት ሆነ። እኛ በዚህ ቦታ ያለን ሰዎች ይህን ታሪክ ከሌላው አንባቢ ይልቅ እናውቀዋለን።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ሌላም ነገር አለ። ሐውፕትማን ክኒኑን ሲሰጥ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ መንስኤ አያውቅም ነበር። ክኒኑ አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራም አይታወቅም ነበር። እርዳታው ግን ዕውቀቱን አልጠበቀም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከመቶው እስከ 70 የሚደርሱት ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ፤ በድሃ አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሕክምና አያገኙም። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 ውጤቱ በታተመው ጥናት ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 ሕሙማን ተገኝተዋል፤ ከሺህ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። በዚያ ሒሳብ ሃያ ሺህ ሕዝብ ባለበት ካምፕ መቶ ሰው ይገኛል። መቶዎቹ የት ናቸው? በድንኳን ጀርባ፣ ከምድጃ ርቀው፣ ከትምህርት ቤት ቀርተው፣ ከእንግዳ ተደብቀው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እንዲደበቅ ያደረገው ግን የእኛ ማን የሚለው ጥያቄ ነው።

ምን የሚለው ጥያቄ በትዕግሥት ሲከተሉት የት እንደሚያደርስ ከጎረቤቶቻችን እንማር። በታንዛንያ ማሔንጌ በተባለ ተራራማ አገር ሉዊዝ ይሌክ-ኦል የተባለች የኖርዌይ ተወላጅ ሐኪም በ1960ዎቹ ራሳቸውን እንደሚያንቀላፋ ሰው ደጋግመው የሚነቀንቁ፣ በኋላም የሚወድቁ ልጆችን አየች። ከዓመታት በኋላ ይኸው ነገር በደቡብ ሱዳንና በሰሜን ኡጋንዳ ታየ። በሰሜን ኡጋንዳ ሕዝቡ በጦርነቱ ምክንያት ከቀዬው ተፈናቅሎ በካምፕ ታጉሮ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ሲታመሙ ወላጆች ያላነሡት ጥርጣሬ የለም። ከቦምቡ የወጣ መርዝ ነው፤ የታደለን እህል ነው፤ ሳይቀበሩ የቀሩት የሙታን መንፈስ ነው ተባለ። ማንም ሊያሾፍባቸው አይገባም። ሙታኑ በእርግጥ ሳይቀበሩ ቀርተዋል፤ ሐዘኑ እውነት ነበር፤ መልስ የፈለገው ያ ሐዘን ነው።

ተመራማሪዎች ግን ሕሙማኑ ያሉባቸውን መንደሮች በካርታ ላይ ሲያስቀምጡ ነጥቦቹ የተሰበሰቡት ፈጥኖ በሚፈስስ ወንዝ ዳር ሆነ። በእንዲህ ያለ ወንዝ ውስጥ የምትራባ ትንሽ ጥቁር ዝንብ አለች፤ በንክሻዋ ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለውን፣ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ትል ታስተላልፋለች። በአገራችንም በጅማና በከፋ በኩል የታወቀ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በካሜሩን የተደረገ ጥናት በልጅነታቸው በቆዳቸው ብዙ ትል የተገኘባቸው ሰዎች ኋላ በሚጥል በሽታ የመያዛቸው ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። በደቡብ ሱዳን በማሪዲ የአንድ ግድብ ውሃ መፍሰሻ የዝንቧ መራቢያ ሆኖ ተገኘ። ትሉ አንጎልን በምን መንገድ እንደሚጎዳ ገና እየተመረመረ ነው። በሰሜን ኡጋንዳ ግን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አይቨርሜክቲን የተባለው ክኒን በዓመት ሁለት ጊዜ ሲታደልና ወንዞቹ ሲረጩ አዲስ የሚታመሙ ልጆች ቁጥር እጅግ ወረደ። ወንዝ የሚረጭ ሰው ጠንቋይ አይፈልግም። ጠንቋይ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ወንዙን ለመርጨት አይነሣም።

አሁን ግን እውነቱን ለመናገር ማን የሚለው ጥያቄ ፈጽሞ የተወገዘ አይደለም። ቦታው ያለ ቦታው ስለ ሆነ ነው የሚገድለው። የዚያች ልጅ እናት ልጇን የወለደቻት በስደት ጉዞ ላይ፣ ሁለት ቀን አምጣ፣ አዋላጅ በሌለበት ዛፍ ሥር ነው። በክሊኒኩ ያለው የጤና ሠራተኛ «ይህ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል» አላት። እኛም ከዚያ አናልፍም። ነገር ግን ከዓለም ሕሙማን አንድ አራተኛው ያህል መታመማቸው ሊቀር ይችል እንደ ነበር የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ በመልካም አዋላጅ፣ በክትባት፣ ወባን በመከላከል፣ በንጹሕ ውሃና በመፀዳጃ። እዚህ ላይ ማን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እናቲቱን ነፍሰ ጡር ሳለች ከቤቷ ያስወጣት ማን ነው? መፀዳጃው ሞልቶ ሲፈስ ማየት የነበረበት ማን ነው? የመድኃኒቱ ሣጥን ለሁለት ወር ባዶ ሲሆን መጠየቅ የነበረብን እነማን ነን? ይህ ማን በዳይ ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ባለ ግዴታ ፍለጋ ነው። ከምን በኋላ የሚመጣ ማን ሰው ያስተካክላል፤ ከምን በፊት የሚመጣ ማን ግን አሮጊት ከሰልፍ ያስወጣል።

አማኞች የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ቅር እንዳይላችሁ እንፈራለን። በወንጌሉ ርኩስ መንፈስ በእሳትና በውሃ ላይ ይጥለው የነበረውን ልጅ ታሪክ የማያውቅ የለም። እኛ ያንን ልንዳኝ አልተነሣንም። በዚያ ታሪክ ውስጥ ግን ልጁን በመጨረሻ በእጁ ይዞ ያነሣው ማን እንደ ነበረ አስታውሱ፤ አትንኩት አላለም። ዓይነ ስውር ሆኖ ስለ ተወለደውም ሰው ጠያቂዎቹ በዳዩ ማን እንደ ሆነ ሲጠይቁ ጌታ የጥያቄያቸውን መንገድ አልተቀበለም። በእስልምና በኩልም የምትወድቅ አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ ሙሐመድ መጥታ እንዲጸልዩላት መለመኗ ተዘግቧል። ታግሣ ጀነትን ማግኘት ወይም ለፈውሷ ጸሎት ምርጫ ሲቀርብላት ትዕግሥትን መረጠች፤ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ጸልዩልኝ አለች፤ ጸለዩላትም። የቦኖው ዳር እናት ነጠላዋን ለምን እንዳስቀደመች የገባን ይህን ካሰብን በኋላ ነው። ሕመምተኛው የሚፈራው መውደቁን ብቻ አይደለም፤ በወደቀበት የሚያየውን ዓይን ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ዱዓ የሚያደርግ ያድርግ፤ ክኒኑን ግን አይጣል። የሚጥል በሽታ ክኒን ባንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሳያባራ የሚደጋገም፣ ነፍስ የሚያጠፋ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል።

ነገራችንን ወደ ሥራ እናምጣው። ሰው ሲወድቅ፦ ከእሳት፣ ከድንጋይና ከውሃ አርቁት። ከራሱ በታች ልብስ ወይም ነጠላ አድርጉለት፤ የአንገት ልብሱን አላሉ፤ ገላውን ሸፍኑ። መንዘፍዘፉ ጋብ ሲል በጎኑ አስተኙት፣ ምራቁ ወደ ውጭ እንዲወርድ። በአፉ ምንም አትክተቱ፤ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውሃም። ክብሪት አትጫሩ፤ ጢሱ ያቃጥላል እንጂ አያነቃም። እጅና እግሩን በኃይል አትያዙ። ምራቁም፣ ትንፋሹም፣ ሽንቱም በሽታውን አያጋባም፤ በምድጃ ላይ የወደቀን ሰው ይጋባል ብሎ ፈርቶ የተወው ሰው ቃጠሎውን በእጁ እንዳደረገው ይቁጠረው። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ተሸክማችሁ ወደ ክሊኒክ ሩጡ። ሲነቃም ሰው አይክበበው፤ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥና ስሙን እየጠራ ደኅና መሆኑን ይንገረው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይመስለናል። በመጀመሪያ እናንሣ። ቀጥለን ምን አመጣው ብለን እንጠይቅ፤ መልሱ አልታወቀም ቢሆንም ሳንፈራ እንቀበል። በመጨረሻ ማን ምን ማድረግ ይገባው ነበር ብለን እንጠይቅ፤ ስንጠይቅም ከራሳችን እንጀምር።

ልጅቱ ክኒን ጀምራለች። በዚህ ሳምንት ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ አይተናታል። የአሮጊቷን ጀሪካን ሁለት ወጣቶች ቀድተው ከድንኳናቸው አድርሰውላቸዋል። ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው ግን እስከዚህ ወረቀት መጻፍ ድረስ አልሰማንም። ያን ቀን ማለዳ እጃችንን አጣጥፈን የቆምን እኛም አልጠየቅናቸውም። ይህ ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ እኛ በድንኳናቸው በር ላይ ቆመን ሊሆን ይገባል። ከፈለጋችሁ አብረን እንሂድ።